የአይጦቹ የሞባይል ጨረር ጥናት ለሰው ፅንስ ይሠራል?

ጥያቄ፦
በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ ለስልክ ጨረር የተጋለጡ አይጦች ልጆች ቅብጥብጥ ሆኑ፣ ማስታወሳቸውም ቀነሰ ይላል። ለነፍሰ ጡር ሴት ምን ማለት ነው?

መልስ 1፦
መጀመሪያ አሠራሩን እዩት። ጥሪ ላይ ያለ፣ ድምፁ የጠፋ ስልክ ከነፍሰ ጡሮቹ አይጦች ሳጥን በላይ ለ17 ቀናት ተቀመጠ፤ የአይጥ እርግዝና ደግሞ 20 ቀን ገደማ ነው። አይጧ ትንሽ ስለሆነች ጨረሩ መላ ሰውነቷን ያገኛል። ሰው ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ፅንሱ ሩቅ ነው፣ የእናትየዋ ሰውነትም ጨረሩን ይመጥጠዋል። ውጤቱን እንዳለ ወደ ሰው መገልበጥ አይቻልም።

መልስ 2፦
ልክ ነው፤ ያም ሆኖ በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል የግሉታሜት (የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል) ልውውጥ መዳከሙ ቀላል ግኝት አይደለም። ዋናው መላ ርቀት ነው፦ ስልኩን ሆድ ላይ አለማሳረፍ፣ በስፒከር ወይም በኢርፎን ማውራት። ኔትወርክ ሲደክም፣ ለምሳሌ አሳንሰር ወይም ምድር ቤት ውስጥ፣ ስልኩ ኃይሉን ስለሚጨምር ረጅም ወሬ እዚያ አይበጅም። "ጨረር መከላከያ" ስቲከር? ገንዘብ ማባከን። አንቴናውን ከጋረደው ስልኩ ይባስ ኃይሉን ይጨምራል።

መልስ 3፦
ሰውነት ከስልክ ለሚመጥጠው ጨረር የአሜሪካ ገደብ በኪሎ 1.6 ዋት ነው፣ በ1 ግራም ሥጋ አማካይ ተሰልቶ። በብዙ ስልኮች *#07# ሲጻፍ የስልኩ የጨረር መጠን ይወጣል፤ የሚያሳየው ግን ከፍተኛውን እንጂ የየዕለቱን አይደለም።