ከላስ ቬጋስ ተነስቶ የናቫሆና የሆፒ ምድርን በመኪና መዞር፦ የሄደበት አለ?

የሁለት ልጆች አባት
ሰላም ለሁላችሁ። ኦክቶበር ላይ አራት ቀን እረፍት አለን። ልጆቼ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። እንደ ናቫሆና ሆፒ ስላሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚያውቁት ፊልም ላይ ያዩትን ብቻ ነው። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ግራንድ ካንየን፣ በሁለተኛው ሞኑመንት ቫሊና አንቴሎፕ ካንየን፣ በሦስተኛው የሆፒ መንደሮችና ካንየን ደ ሼይ፣ ከዚያ መመለስ። ያስኬዳል? የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ አለን፤ ለሁሉም ይበቃል?

ባለ ትራኩ
ወንድሜ፣ ገና ሳነበው ደከመኝ። ከቬጋስ እስከ ግራንድ ካንየን ደቡብ ጠርዝ ብቻ 280 ማይል ገደማ ነው። በዚያ አካባቢ ጭነት ይዤ ብዙ ተመላልሻለሁ፣ ቤተሰቤንም ወስጃለሁ። እኔን ከሰማህ አንቴሎፕን ተወውና ካንየን ደ ሼይ ላይ ሁለት ሌሊት እደር።

አንቴሎፕ ውብ ነው፣ አልክድም። ግን በሰልፍ ገብተህ በሰልፍ ትወጣለህ። ካንየን ደ ሼይ ዛሬም ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ሸለቆ ነው። ከ1931 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የተጠበቀ ቦታ ቢሆንም መሬቱ የናቫሆ ነው። ጠርዝ ጠርዙን በራስህ መኪና መዞር ትችላለህ፤ ስፓይደር ሮክ የሚባለውን ረጅም የድንጋይ ዓምድ ከላይ ታየዋለህ። ወደ ታች ለመውረድ ግን ናቫሆ አስጎብኚ የግድ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ያለው ታች ነው።

እኛን የወሰዱን ሽማግሌ እዚያው ሸለቆ ውስጥ የእናታቸው ወገን እርሻ አላቸው። በጂፕ አሸዋውን እየሰነጠቁ የጥንቶቹን የገደል ቤቶችና የግድግዳ ሥዕሎች አሳዩን። አንድ ቦታ ላይ ሞተሩን አጠፉና ስለ 1864 አወሩን። በኪት ካርሰን የሚመራው የአሜሪካ ጦር የናቫሆዎችን ቤት አቃጠለ፣ ከብቱን ፈጀ፣ የኮክ ዛፉን ሳይቀር ቆረጠ። ከዚያ ሕዝቡን ከ300 ማይል በላይ በእግር እየነዳ ወደ ኒው ሜክሲኮ ወሰደው። ብዙ ሰው አለቀ። በ1868 ውል ተፈራርመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልጄ ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩን አልነካም። ኔትወርክ ስለሌለም ይሆናል።

ሽማግሌው ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ከስማቸው ቀጥለው የእናታቸውን ጎሳ ጠሩ፣ ከዚያ የአባታቸውን። በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ነውር ነው። እኛም ዘንድ ሰባት ቤት ይቆጠራል ስላቸው በጣም ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ሆነ።

ካርድህ ግራንድ ካንየን ላይ ይሠራል። ሞኑመንት ቫሊ ግን የናቫሆ መንግሥት ፓርክ ስለሆነ የራሱን መግቢያ ትከፍላለህ። ውስጥ ያለው የ17 ማይል መንገድ አስፋልት አይደለም፤ መኪናው ኪራይ ከሆነ ውሉን አንብብ። ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ቅዳ። ማታ ባትነዳ ይሻላል፤ በግና ፈረስ መንገዱ ላይ ይቆማል። ቢራም ይዘህ እንዳትገባ፣ በናቫሆ ሕግ ክልክል ነው።

የኮሎራዶዋ
ባለ ትራኩ ሁሉን ተናግሮ ሰዓቱን ረሳ! አሪዞና በበጋ ሰዓት አይቀይርም። ናቫሆ ይቀይራል። ናቫሆ መሃል ያለው የሆፒ ምድር ደግሞ አይቀይርም። ኦክቶበር ላይ ልዩነቱ ገና ስላለ ስልካችሁ ያሳብዳችኋል። ቀጠሮ ስትይዙ «በየትኛው ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐበሻ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ይዞ ስለሚኖር አይከብደንም።

የሆፒ መንደር ውስጥ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ መቅዳት ክልክል ነው። በእርሳስ መሳል እንኳ አይቻልም። ለልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ ንገሯቸው። ሥነ ሥርዓት ሲኖር መንደሩ ለእንግዳ ሊዘጋ ይችላልና ደውላችሁ ሂዱ። እኔ ብሆን እዚያ ግማሽ ቀን እሰጥ ነበር፤ ለመንገድ ማቋረጫ ብቻ አላደርገውም።

የሁለት ልጆች አባት
እናመሰግናለን። አንቴሎፕን ሰርዘናል፤ ትልቋ ትንሽ አኮረፈች። ባለቤቴ ደግሞ ድንኳን ካልተከልን ትላለች። ባገኘነው ሜዳ ላይ ማደር ይቻላል?

ባለ ትራኩ
አይቻልም። ባዶ ሜዳ መስሎ የሚታይህ የአንድ ቤተሰብ የግጦሽ መሬት ነው። ካንየኑ አፍ ላይ፣ ቺንሌ አጠገብ፣ ኮተንውድ የሚባል የድንኳን ሰፈር አለ፤ እዚያ እደሩ። ቦታው ከፍታ ስላለው የኦክቶበር ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። ጠዋት የሰማያዊ በቆሎ ገንፎ የሚሸጥ ካገኛችሁ ለልጆቹ አስቀምሷቸው። ቅቤና በርበሬው ግን ከቤት ነው።