ጥገኝነት ያገኘ ሰው ቆንስላ ቢሄድ «በሁለት ቢላ መብላት» ነውን?

(በአንድ ሰፈር ሰዎች መካከል በመልእክት የተደረገ ውይይት፤ ተሳታፊዎቹ የተጠሩት በቅጽል ስማቸው ነው።)

ብሎክ 27፦ ባለፈው እሑድ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ የተነገረ አንድ ቃል ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። የእህቴ ባል አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት ካገኘ 19 ወር ሆኖታል፤ ሚስቱን የሚያስመጣበት አይ-730 የተባለው ማመልከቻ ደግሞ ጥገኝነቱ በተፈቀደ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ጋብቻቸው ጥር 12 ቀን 2011 በቤተ ክርስቲያን ተፈጽሞ በወቅቱ ወረዳ ሳይመዘገብ ስለቀረ፣ አሁን ላስመዝግብ ብላ ስትሄድ ባልሽ ራሱ ይቅረብ፣ ካልቻለም በኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ይላክ ተብላለች። ይህንኑ ለሽማግሌዎች ስናማክር የዕድራችን ጸሐፊ በሰው ሁሉ ፊት «ከመንግሥት ሸሽቻለሁ ብሎ ጥገኝነት የተቀበለ ሰው የዚያኑ መንግሥት ማኅተም ሊጠይቅ ቢሄድ በሁለት ቢላ መብላት ነው» አሉ። እህቴ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ገባች። አምስት ወር ብቻ ለቀራት ሴት ይህ ምክር ነው ወይስ ስድብ?

የዕድሩ ጸሐፊ፦ ያልኩትን አልክድም፤ ነገር ግን የሰው ቃል ከነምክንያቱ ቢጠቀስ ደግ ነው። ልጁ አገሬ ብመለስ እታሠራለሁ ብሎ፣ ምሎ ነው ጥገኝነት የተቀበለው። ነገ ወረቀቱን የሚመረምረው ባለሥልጣን «ከሚያሳድዱህ ሰዎች ዘንድ ወረፋ ይዘህ ፈርመህ ተመለስክ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ሊመልስ ነው? ለልጅቱ አዝኜ የተናገርኩት ነው። በሁለት ቢላ መብላት የሚለውም ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም፤ ጥገኝነታቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ፓስፖርታቸውን አሳድሰው፣ ለጥምቀት እዚሁ የካ አባዶ መጥተው ታቦት ሲያጅቡ በዓይኔ ያየኋቸው አሉ።

ጠበቃው፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ፓስፖርትንና ውክልናን በአንድ ገመድ አስረዋቸዋል፤ ሕጉ ግን ለያይቷቸዋል። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት ጥበቃው የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር በቀዳሚነት ያስቀመጠው ሰውየው በፈቃዱ ተመልሶ በአገሩ መንግሥት ጥበቃ ሥር መግባቱን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለአፈጻጸሙ ያዘጋጀው መመሪያ መጽሐፍ በአንቀጽ 121 ላይ፣ ፓስፖርት ያወጣ ወይም ያሳደሰ ስደተኛ የተለየ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የአገሩን ጥበቃ እንደፈለገ እንደሚገመት ይናገራል፤ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀትን የመሰለ፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን ከዚያው መሥሪያ ቤት ሊጠይቀው ግድ የሚሆንበትን ሰነድና ተመሳሳይ አገልግሎት ማግኘት ግን ጥበቃን እንደ መሻት እንደማይቆጠር በግልጽ ያስቀምጣል። እንግዲህ ለጥምቀት የመጡት ሰዎች ጉዳይ ሌላ፣ የዚህች ልጅ ባል ጉዳይ ሌላ ነው።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ የልደትና የጋብቻ አልክ እንጂ የውክልና አላልክም። ውክልና በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በስሙ ተጠቅሷልን?

ጠበቃው፦ በስሙ አልተጠቀሰም። «ተመሳሳይ አገልግሎት» የሚለው ሐረግ ግን ለዚሁ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 5 የቆንስልን ተግባራት ሲቆጥር፣ ዜጋን መጠበቅን ለብቻው፣ እንደ ውል አረጋጋጭና እንደ ኩነት መዝጋቢ ሆኖ መሥራትን ደግሞ ለብቻው አስቀምጧል። ውክልና ላይ ማኅተም የሚመታው ቆንስል የሚሠራው እዚህ ውልና ማስረጃ በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ነው፤ ማንንም ከማንም አይጠብቅም።

ብሎክ 27፦ ስለዚህ ጋሼ፣ ሁለተኛው ቢላ የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ። እህቴ በዚህ ሁሉ የበላችው ነገር ቢኖር የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ለእርሱም ቢላ አያስፈልግም።

ከማዶ፦ ጠበቃው ያነበበልን ሁሉ ትክክል ነው፤ ጽሑፉ የሚኖረው ግን ጄኔቭ ነው፣ ሰውየው የሚቆመው መስኮት ፊት ነው። እኔም እንደዚህ ልጅ ጥገኝነት ያገኘሁ፣ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በቆንስላው በር አላለፍኩም። በሰባተኛው ዓመት ለእናቴ ቤት ጉዳይ ውክልና ስላስፈለገኝ ገባሁ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ትሑት ነበረች፤ ሆኖም ቅጹ አድራሻዬን፣ ስልኬን፣ እዚያ አገር የምኖርበትን ፈቃድ ዓይነትና የወኪሌን ሙሉ አድራሻ ጠየቀኝ። ወኪሌ እናቴ ናት። ብዕሩን ይዤ «የፈቃድ ዓይነት» ከሚለው መስመር ላይ ምን ያህል ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ጋሼ ጸሐፊ በሁለት ቢላ መብላት ያሉትን ነገር፣ እኔ ባዶ እጄን ስለት ላይ እንደማሳረፍ ነው ያየሁት። በሌላ በኩል ግን «ምንም አትሆንም፣ ሂድ» የሚል ሰው፣ የሚሄደው ሰው ቤተሰብ እዚህ መኖሩን ቢያስብ እመርጣለሁ።

ጠበቃው፦ ምንም አይሆንም አላልኩም። ጥገኝነቱ አይነካበትም ነው ያልኩት። ፍርሃቱ እውነተኛ መሆኑን ፍርድ ቤቶችም ተቀብለውታል፤ የጀርመን ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 2022 በሰጠው ውሳኔ፣ ከለላ የተሰጠው ኤርትራዊ ፓስፖርት ለማግኘት ሲል በኤምባሲው «ብሔራዊ ግዴታዬን ባለመፈጸሜ አጥፍቻለሁ» በሚል የጸጸት ቃል ላይ እንዲፈርም ሊገደድ አይገባም ብሏል። ይህን የማነሣው ብዙዎቻችሁ ቤት ተከራይተው እዚሁ አጠገባችን ሆነው አውሮፓ ካለ ባል ወይም ሚስት ጋር ለመገናኘት የሚጠብቁ ኤርትራውያን ጎረቤቶች ስላሏችሁ ነው።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ አየህ! ፍርድ ቤት እንኳ ወደ ኤምባሲ አይገደድ ብሏል። እኔ ካልኩት በምን ይለያል?

ብሎክ 27፦ በዚህ ይለያል፦ ፍርድ ቤቱ «አይገደድ» አለ፤ እርስዎ «ከሄደ ሌባ ነው» አሉ።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ ሌባ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። በሁለት ቢላ አልኩ።

ብሎክ 27፦ በሁለት ቢላ የሚበላን ሰው በዚህ ሰፈር ማን ብለን እንደምንጠራው ሁላችንም እናውቃለን።

ፈጣን ጉዳይ፦ ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ንትርክ ለምን አስፈለገ? ልጁ ውክልና ይላክ፣ እኛ በወኪል ማዘጋጃ ቤት አጋብተን በሁለት ሳምንት ውስጥ የታተመ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በእጇ እናስረክባታለን። ለሌሎች ደንበኞች ሠርተናል።

ጠበቃው፦ ይህን መልእክት የምታነቡ ሁሉ እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ቤት የሚያፈርሰው ቆንስላ ሳይሆን ይህ ዓይነቱ ምክር ነው። በመጀመሪያ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ተጋቢዎች ራሳቸው ቀርበው እንዲፈቅዱ ያዝዛል፤ በወኪል መጋባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩን ፍትሕ ሚኒስቴር አረጋግጦ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፦ በአይ-730 ሚስት ልትሄድ የምትችለው ጋብቻው ባልየው ጥገኝነት ከማግኘቱ በፊት የነበረ ከሆነ ብቻ ነው። የዘንድሮ ቀን ያለበት አዲስ የጋብቻ ወረቀት ይዛ የቀረበች ሴት፣ ከጥገኝነቱ በኋላ እንዳገባች በራሷ እጅ መሰከረች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ባልየው ግሪን ካርድ እስኪያገኝ ጠብቆ አይ-130 የተባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ማስገባት ነው፤ አይ-730 ክፍያ የሌለው ሲሆን፣ ያኛው መንገድ ከማመልከቻው ክፍያ ሌላ የቪዛውን 325 ዶላር፣ የገቢ ዋስትናና ከሁሉም በላይ ዓመታትን ይጠይቃል። የሚፈለገው አዲስ ጋብቻ ሳይሆን ጥር 12 ቀን 2011 የተፈጸመው ጋብቻ ያንኑ ቀኑን እንደያዘ መመዝገቡ ነው።

ፈጣን ጉዳይ፦ እኔ ለመርዳት ነው። ስም ማጥፋት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ጠበቃ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ብሎክ 27፦ ለእህቴ ይህንኑ ያሏት ሌላ ጉዳይ ገዳይ ነበሩ፤ 18,000 ብር ጠይቀዋት ነበር። እግዜር አወጣት።

ትርጉም ቤቷ፦ እኔ ስለ ቢላው አላውቅም፤ በየቀኑ በእጄ ስለሚያልፈው ወረቀት ልናገር። ሰዎች ቆንስላ ቆንስላ ይላሉ እንጂ ውክልናው ከዚያ ሲመጣ ጉዳዩ አላለቀም፤ ውጭ ጉዳይ ገብቶ ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወረዳው የሚቀበለው። ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛዬ ይህን ሁሉ ጨርሳ ከመጣች በኋላ ወረዳው መለሳት፤ ምክንያቱም ውክልናው «ጉዳዬን ሁሉ እንድታስፈጽም» ይላል እንጂ «ጋብቻችንን እንድታስመዘግብ» አይልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጎደለና ባልየው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ እንደገና ወደ ቆንስላ ተጓዘ። ስለዚህ ልጁ የሚሄድ ከሆነ ጽሑፉን እዚህ አዘጋጅተን፣ ወረዳው አይቶት፣ ከዚያ ይላክለት።

ሌላው ቀን ነው። ጥር 12 ቀን 2011 ማለት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ነው። ብሎክ 27 እህቱን ይዞ የመጣ ዕለት ያሳየኝ ትርጉም ግን ጥርን ጃንዋሪ ብሎ 12ን እንዳለ ትቶታል። ባልየው በጥገኝነት ማመልከቻው ላይ 20 ብሎ ጽፎ ሚስቱ 12 የሚል ወረቀት ብታቀርብ፣ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሁለቱም ውሸታም ይመስላሉ። የአያት ስሟንም በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት የፈረንጅ ፊደል ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። እኔ ብሆን ቆንስላ ቢገባስ አይገባስ ብዬ ከመጨነቄ በፊት ይህን አስተካክል ነበር።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ ይህ ቁም ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ተጀምሯል፤ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ተብሎ በየስብሰባው ተነግሯል። በ2011 ተጋብተው ያላስመዘገቡት ለምንድን ነው? ያን ጊዜ ወረዳው በእግር አሥር ደቂቃ ነበር፣ ዛሬ ውቅያኖስ ሆነ።

ብሎክ 27፦ ጋሼ፣ እርስዎ የራስዎን ጋብቻ አስመዝግበዋል?

የዕድሩ ጸሐፊ፦ እኔ አሜሪካ ልሂድ አላልኩም።

ከማዶ፦ ይህን መልስ ፍሬም ውስጥ አድርጌ እሰቅለዋለሁ።

ጠበቃው፦ ለማንኛውም ባልየው ቆንስላ መግባት ከፈራ ሌላ በር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ዋናው ሰነድ እንደማይገኝ አስቀድሞ ከተረዳ ሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ይቀበላል፤ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ጋብቻውን በዓይናቸው ያዩ የሁለት ሰዎች የቃለ መሐላ ጽሑፍ። «አልፈለግኩም» ማለት ግን በቂ አይደለም፤ ለምን እንዳልተገኘ በጽሑፍ ማስረዳትና ከተቻለ ከወረዳው «በመዝገባችን የለም» የሚል ደብዳቤ ማያያዝ ያስፈልጋል። ማመልከቻው በዚህ ይግባ፣ ቀነ ገደቡ ይዳን፣ ውክልናው በኋላ ይድረስ። እንደኔ ይህ ከሁሉም ይሻላል።

ከማዶ፦ በዚህ እስማማለሁ። ስፈራ የኖርኩትን ስድስት ዓመት ግን ማንም ሞኝነት ብሎ እንዳይጠራብኝ።

ጠበቃው፦ ማንም አልጠራውም።

ከማዶ፦ «ጥገኝነቱ አይነካበትም» የሚለው አነጋገር ይጠራዋል።

ባለጉዳይዋ፦ ወንድሜ ሳያስፈቅደኝ ጉዳዬን ስላወጣው እንኳ አሁን ምንም አልልም። ጋሼ፣ እሑድ ዕለት ስለተናገሩት ተቀይሜዎታለሁ፤ ይህን ሳልደብቅ ልጠይቅዎ ነው። ማታ ጠበቃው ያለውን ካነበብኩ በኋላ የሠርጉን አልበም አወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በግልጽ የሚታዩበት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው ያለው፤ ድፎ ዳቦው ሲቆረስ የተነሣው። ነጠላዎን ወደ ትከሻዎ ጥለው፣ እኔና ባለቤቴ ከኋላዎ ቆመን፣ ቢላውን የያዙት እርስዎ ነዎት። ከቀሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ አርፈዋል፣ አንዱ ሐዋሳ ነው። የምስክርነቱን ቃል ይጽፉልኛል?

የዕድሩ ጸሐፊ፦ ልጄ፣ ያየሁትን እመሰክራለሁ፤ ያን ዳቦ ባርኬ የቆረስኩት እኔ ነኝ። እሑድ ያልኩትን ግን አላነሣም። ምስክርነት ሌላ፣ አስተያየት ሌላ ነው።

ብሎክ 27፦ ጠበቃው ፓስፖርት ሌላ፣ ውክልና ሌላ ሲልዎ ግን አልተዋጠልዎትም ነበር።

ትርጉም ቤቷ፦ ጋሼ፣ ሲጽፉ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉት፤ ወደ ፈረንጅ የምመልሰው እኔ ነኝ። ነገ እስከ 12 ሰዓት ሱቁ ውስጥ ነኝ፤ መብራት ከጠፋ ግን ማተም ስለማልችል ደውለው ይምጡ።

ከማዶ፦ ልጁ ቆንስላ ለመሄድ ወስኗል?

ባለጉዳይዋ፦ ትናንት ሌሊት ስንነጋገር «ሐሙስ እሄዳለሁ» አለኝ። ያለፈውም ሳምንት ሐሙስ ብሎኝ ነበር።