«ድብርት» ስንል ምን እየሰማን ነው?

የጅሬን ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸግሮኛል። ለመመረቂያ ጥናቴ ጅማ ላይ ፒኤችኪው-9 በሚባል፣ የድብርት ሕመምን በሚለካና ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ መጠይቅ መረጃ እየሰበሰብኩ ነው። አንዱ ጥያቄ «ባለፉት 2 ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ድብርት ተሰማዎት?» ይላል። ሂርማታ ገበያ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት «ገዢ ሲጠፋ እንዴት አይደብረኝ! በየቀኑ ነው» አሉኝ። ከፍተኛው ነጥብ፣ 3 ላይ አከበብኩ። ማታ ግን ከነከነኝ። የነገሩኝ መሰልቸታቸውን ነው ወይስ ሕመማቸውን? በምን ቃል ልተካው?

አባ ግስ፦ ከሥሩ እንነሳ። ደብር በግእዝ ተራራ ነው። ድብርትም ተራራ ሲጫን ማለት ነው። የሕመሙ ክብደት ቃሉ ውስጥ አለ። አትቀይረው።

ቅኔ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ፊደል ስለገጠመ ብቻ ዘመድ አይሆንም። «ደባሪ ፊልም» የሚል ልጅ ተራራ አልተጫነውም። ትካዜ በለው። ዳዊት የደገመ ሁሉ ነፍስ ስትተክዝ ያውቃል።

አባ ግስ፦ ትካዜማ ከተከዜ ወንዝ የመጣ ነው።

ቅኔ ወዳድ፦ አይደለም! ተከዚ በግእዝ ወንዝ ማለት ነው። ተከዘ ደግሞ አዘነ። ቅኔ ቤት 4 ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ይህን አልሳሳትም።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። የጅሬን ልጅ፣ መጠይቁ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ተተርጉሟል?

የጅሬን ልጅ፦ አዎ መምህርት፣ በሁለት ሰው። ምንም ልዩነት አልተገኘም።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ችግሩ እዚያ ጋ ነው። መልሰው የሚተረጉሙት የተማሩ ሰዎች ናቸው። «ድብርት»ን በመማሪያ መጽሐፍ ስለሚያውቁት የሕመሙን ስም መልሰው ይጽፉታል። ወረቀቱ ያምራል፣ የገበያዋ እናት ግን ሌላ ነገር ሰምተዋል። አስተማማኝነቱን ብትለካም ጥሩ ቁጥር ልታገኝ ትችላለህ። ሚዛን ሁልጊዜ እኩል ካጎደለ አይወላውልም፣ ግን ልክ አይደለም። የመጠይቁ ጥቅም ማጠሩ ነው፤ 9 ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ቢበዛ 27። በዚያው ልክ አንድ ቃል ከሳተ 3 ነጥብ ይዞ ይሄዳል። የሚያድንህ ሰውን ማስወራት ነው። ከመጠየቅህ በፊት ለጥቂት ሰዎች አንብብላቸውና «ምን የተጠየቁ መሰለዎት?» በላቸው። ሴትም ወንድም፣ የተማረም ያልተማረም ይኑርበት።

ቡና ጠጪ፦ ኦሮምኛውንም አትርሱ። ጅማ ላይ ግማሹን በኦሮምኛ ነው የምትጠይቀው። «ና ሙካኤ» ሲልህም ሰልችቶኛል እያለህ ሊሆን ይችላል።

አባ ግስ፦ ታዲያ ሁለቱም ቋንቋ ላይ መሰልቸትና ሐዘን ጎረቤት ናቸው ማለት ነው። ይሄ ነገር ሥር አለው፣ ልፈልገው።

የጅሬን ልጅ፦ እሺ መምህርት፣ ቅዳሜ ተመልሼ ሄጄ አስወራቸዋለሁ። እኚያን እናትም እፈልጋቸዋለሁ። እስከዚያው «ሐዘን» ልበል ወይስ «ትካዜ»?

ቅኔ ወዳድ፦ «ሐዘን» ካልክ ማን ሞተብህ ይሉሃል። ትካዜ በል።

አባ ግስ፦ መጀመሪያ ካው ይጠብቃል ወይስ ይላላል? ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ ይህን ማወቅ አለበት።