ሰክሮ መንዳት፦ ቅጣቱ ይክበድ ወይስ ፍተሻው ይብዛ?

ጠያቂው፦ አዲስ አበባ ላይ ትራፊኮች የትንፋሽ መመርመሪያ ይዘው ማታ ማታ መቆም ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ሌሊት ሃያ ሁለትና ቦሌ ግን ሞቅ ብሎት የሚነዳው ዛሬም ብዙ ነው። እኔ ቅጣቱ ቀሏል ባይ ነኝ። አንዴ የተያዘ ሰው መንጃ ፈቃዱን ለዓመታት ይነጠቅ። እናንተስ?

የሕግ ተማሪዋ፦ አልስማማም። ሰው የሚፈራው መያዝን ነው። ስኮትላንድ በ2014 እ.ኤ.አ. ለአሽከርካሪ የሚፈቀደውን የአልኮል መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ80 ወደ 50 ሚሊ ግራም አወረደች። በኋላ ሲጠና አደጋው አልቀነሰም። ሕጉ ጠበቀ፣ ፍተሻው ግን አብሮት አልጨመረም። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ያገኙትን አሽከርካሪ ሁሉ እያስቆሙ ማስነፋት ጀመረች። የጠጣ የመሰለውን ብቻ አይደለም፤ ማንንም። በመንገድ የሚሞተው ሰው ወዲያው ቀነሰ።

የሌሊት ታክሲ ሾፌር፦ ልክ ነሽ እህቴ። እኛ ጋ ግን ቦታው ይታወቃል። አንዱ ሲያልፍ ለጓደኛው ይደውላል፤ «በዚያ አትምጣ፣ ቆመዋል»። ያኛው በውስጥ ለውስጥ ይሾልካል። ስለዚህ ቦታው በየሰዓቱ ይቀያየር። ሌላም አለ። ብዙ ሰው ጠጥቶ መኪናውን ትቶ የማይሄደው ለንብረቱ ስለሚሰጋ ነው። ጠዋት ሲመለስ ስፖኪዮው የለም! መጠጥ ቤቶች ዘበኛ ያለው የሌሊት ማቆሚያ ካላዘጋጁ ፈቃዳቸው አይታደስ። እኔ ከምንም በላይ የማምነው በዚህ ነው።

ጠያቂው፦ ባለ መጠጥ ቤቱ ምን አጠፋ? ጠጪው አዋቂ ሰው ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጃፓን በ2007 እ.ኤ.አ. ሕጓን ስታጠብቅ ለሚነዳ ሰው መጠጥ የሰጠውንም፣ መኪና ያዋሰውንም፣ መጠጣቱን እያወቀ አብሮት የተሳፈረውንም ተጠያቂ አድርጋለች። እኛም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክለናል። ሻጭ ላይ ኃላፊነት መጣል አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞ ሻጩ ብቻ አይደለም። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እያየን «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» የምንለውስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጠያቂው ወንድሜ፣ ፈቃድ መንጠቅ ብቻውን አይበቃም። የተነጠቀውም ያለ ፈቃድ ይነዳል። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጠጣ አሽከርካሪ አንድ ወጣት ፖሊስ ገጭቶ ገደለ። በቀጣዩ ዓመት በሟቹ ስም የኖህ ሕግ ወጣ። ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው መኪናው ላይ መሣሪያ ይገጠምበታል። ትንፋሹ አልኮል ካለው ሞተሩ አይነሳም።

የሌሊት ታክሲ ሾፌር፦ ጓደኛው ቢነፋለትስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እየነዳም መሀል ላይ እንደገና ንፋ ይለዋል። ካሜራ ያለውም አለ።

ጠያቂው፦ ስለ ማቆሚያውና ቦታ ስለመቀያየሩ አሳምናችሁኛል። ጠጥቶ ሰው የገደለ ግን ዳግም መሪ እንዳይጨብጥ ነው የምለው። እዚህ ላይ ፍንክች አልልም።