አውትሉክን ልማር ወይስ በጂሜይልና በአጀንዳዬ ልቀጥል?

ጥያቄ
የቢሮ ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት በጸሐፊነት ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። ደብዳቤ የምልከው በጂሜይል፣ ቀጠሮ የምመዘግበው በየመስከረሙ በምገዛው አጀንዳ ነው። በቅርቡ ቢሮው ለሁላችንም አውትሉክ የሚባለውን የኢሜይልና የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም አስገባልን። ግዴታ አይደለም፤ የሥራው ኢሜይል በድረ ገጽም ይከፈታል። ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን የአዝራሩ ብዛት ራሴን አዞረኝ። ሦስት ሳምንት ታግዬ ከመላክና ከመመለስ ያለፈ አልቻልኩም። ሁለት ወር የሚፈጅ የቅዳሜ ሥልጠና እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ክፍያው ከኪሴ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ከልጆቼ ጋር የምውልባት ቀን ናት። እውነት ይህን ሁሉ ልክፈልለት?

መልስ
የሱቅ ባለቤት፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ እኔ በበኩሌ ይቅርብዎ እላለሁ። ሰው አዲስ ነገር የሚማረው በያዘው ላይ የጎደለ ሲያገኝ ነው። ጂሜይል ደብዳቤን በላኪው ስም ይለይልዎታል፣ በስህተት የላኩትን እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ያስመልስልዎታል፣ የቀን መቁጠሪያም አለው። እኔ አውትሉክን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት፤ ሱቄ ምንም አልጎደለባትም።

መልስ
የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ከሐዋሳው ወንድማችን ጋር በግማሹ እስማማለሁ። የኢሜይሉ ክፍል ከጂሜይል ብዙም አይርቅም፤ ለዚያ ብቻ ከሆነ አይድከሙ። ነገር ግን ጸሐፊ የምትይዘው የራሷን ጊዜ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ይንገሩን፦ የስንት ሰው ቀጠሮ በእጅዎ ነው? ከአገር ውጭ ካሉ ሰዎች ጋርስ ስብሰባ ይጠራሉ?

ጠያቂዋ

የሥራ አስኪያጁና የሁለት ክፍል ኃላፊዎች ቀጠሮ በእኔ እጅ ነው። ናይሮቢና ጄኔቫ ካሉ አጋሮቻችን ጋር በየሳምንቱ የኢንተርኔት ስብሰባ አለ። በቅርቡ ለአንድ የውጭ እንግዳ «3 ሰዓት» ብዬ ብጽፍለት ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት መጣ። እኔ የጠዋቱን ማለቴ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠብቀው ጠብቀው ሄደው ነበር፤ የዚያን ቀን እፍረት እስካሁን አልወጣልኝም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ደብዳቤው ሁሉ ይዘጋብኛል።

መልስ
የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

እንግዲያውስ ይማሩት። ለሁለት ወር ሥልጠና ግን አይክፈሉ፤ ከፕሮግራሙ ውስጥ ለእርስዎ ሥራ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። ከቀን መቁጠሪያው ይጀምሩ።

ከሁሉ በፊት የኮምፒውተርዎን የሰዓት ክልል፣ ማለትም የየትኛውን አገር ሰዓት እንደሚከተል የሚወስነውን ማስተካከያ፣ ይመልከቱ። ከውጭ የሚገቡ ብዙ ላፕቶፖች የምዕራብ አሜሪካን የሰዓት ክልል እንደያዙ ይመጣሉ፤ ባለቤቱም ክልሉን ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ በእጁ ያስተካክላል። ሲያዩት ትክክል ነው። የሚልኩት የስብሰባ ጥሪ ግን ሌላው ሰው ዘንድ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ተዛንፎ ይደርሳል። ይህን ስህተት በየቢሮው ሳስተካክል ዓመታት አልፈውኛል፤ ሰዎች ፕሮግራሙን የሚጠሉትም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። በዊንዶውስ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን አይፈልጉ፤ የእኛ ሰዓት «ናይሮቢ» በሚለው ስር ነው።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ስብሰባ ሲጠሩ የሦስቱን ኃላፊዎች ቀን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁሉም ክፍት የሆኑበትን ሰዓት ያሳይዎታል። ዛሬ ሦስት በር አንኳኩተው የሚያገኙት መልስ ይህ ነው አይደል? ኃላፊዎቹ ቀጠሯቸውን እዚያው ላይ ማስያዝ አለባቸው፤ አለበለዚያ ባዶ ቀን ነው የሚያሳይዎት። ጄኔቫ ያሉት ጥሪው በራሳቸው ሰዓት ይደርሳቸዋል። እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ወር ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከእኛ ጋር ያላቸው ልዩነት በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ነው፤ ይህን ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል። ለእንግዶች ደግሞ በጥሪው ርእስ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለው ይጨምሩ። መቁጠሪያው 9፡00 ብሎ ስለሚጽፈው ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ ያ ስህተት አይደገምም።

የኢንተርኔቱንም ነገር በከፊል ያቃልልዎታል። በኮምፒውተርዎ ላይ የሚጫነው አውትሉክ የደብዳቤዎን ቅጂ እዚያው ይይዛል። መስመር ሲጠፋ የቆየውን ያነባሉ፣ አዲሱን ጽፈው ላክ ይላሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ይሄዳል።

መልስ
ጡረተኛ ጸሐፊ፣ ደሴ

ልጄ፣ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር የተሻገርኩት በ50 ዓመቴ ነው፤ አንቺ አያቅትሽም። ባለሙያው ያልነገረሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። ፕሮግራሙን «በየወሩ ድገም» ብትዪው የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው፤ የእኛ ቀን ይንሸራተታል። እኔ በየወሩ በ12 ሚካኤልን የምንዘክርበትን ማኅበር ስመዘግብ ተቸግሬ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ «በየ30 ቀኑ፣ 12 ጊዜ» በዪው። መስከረም 12 ቀን 2018 የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 22 ነበር፤ ከዚያ ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22፣ ኅዳር 12 ኖቬምበር 21 እያለ አንዲት ቀን ሳይስት እስከ ነሐሴ ይወስድሻል። ጳጉሜን ስትመጣ ግን ይሰበራል፤ 2018 ላይ 5 ቀን፣ 2019 ላይ 6 ቀን ናት። ስለዚህ በየመስከረሙ አዲስ አድርገሽ መዝግቢው። የደመወዝ ቀናችሁ በ25 ከሆነም እንደዚሁ ነው። አጀንዳሽን አትጣዪው፤ ስልክ ላይ ሆነሽ የሰማሽውን የምትጫጭሪው እሱ ላይ ነው።

መልስ
ተርጓሚ፣ ባሕር ዳር

ቢሮው አውትሉክ ላልሰጠው ሰው አንድ ልጨምር። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው፣ የቀን መቁጠሪያም አለው፤ በአሮጌ ላፕቶፔ ላይ በደንብ ይሠራል። ስትጭኑት ግን ደብዳቤው ወደ ኮምፒውተራችሁ ከሚመጣባቸው ሁለት መንገዶች ፖፕ (POP) የሚለውን ትታችሁ፣ ደብዳቤውን በሰርቨሩ (በኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ የሚያቆየውን አይማፕ (IMAP) ምረጡ። እኔ በፖፕ አድርጌ ደብዳቤው ሁሉ ከሰርቨሩ እየተነሣ ወደ ላፕቶፔ ብቻ ይወርድ ነበር፤ ዲስኩ ሲበላሽ የ4 ዓመት የደንበኞች ደብዳቤ አብሮ ጠፋ።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሥልጠናውን ትቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ የቀን መቁጠሪያውን ብቻ ተለማመድኩ። የሰዓት ክልሉ እውነትም የአሜሪካ ነበር! አሁን ተስተካክሏል። እማማ፣ ደመወዙን በ25 እንዳሉኝ መዝግቤዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ለጄኔቫዎቹ የመጀመሪያውን ጥሪ ላክሁ፤ ሁሉም በሰዓታቸው ገቡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ሥራ አስኪያጁ ብዙ ጊዜ መስክ ላይ ናቸው፤ ጥሪውን በስልካቸው ቢቀበሉት እኔ ዘንድ ይታያል?

መልስ
የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ይታያል። የሥራ ኢሜይላቸው ስልካቸው ላይ ከተጫነ ጥሪው ሲደርሳቸው እሺታቸውን ይጫኑት፤ እርስዎ የስብሰባውን መዝገብ ሲከፍቱ ከስማቸው አጠገብ መቀበላቸውን ያያሉ። መስመር የሌለበት ቦታ ከሆኑ ግን መልሱ የሚደርስዎት ከተማ ሲገቡ ነው።