የተሽከርካሪ ክፍያ ሲቀነስ «የምታጡት ይተካላችኋል» የተባሉ ከተሞች ለምን ይቃወማሉ?

ጥያቄ (በጀት ተከታታይ)

ሰላም ለሁላችሁም። በካሊፎርኒያ ግዛት በተሽከርካሪ ፈቃድ ክፍያ ላይ ስለተካሄደው ረጅም ክርክር እያነበብኩ ነው፤ ይሁንና አንድ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የግዛቱ ምክር ቤት በ1998 ክፍያው ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ ሲወስን፣ ከተሞችና ካውንቲዎች (ከግዛቱ በታች ያሉ የአስተዳደር ክፍሎች) የሚያጡት ገቢ ከግዛቱ አጠቃላይ በጀት እንዲተካላቸው በዚያው ሕግ ደንግጓል። ክፍያው ከመኪናው ዋጋ 2 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ በ2001 ባለመኪናው ከኪሱ የሚያወጣው ወደ 0.65 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ ባለመኪናው ተጠቅሟል፣ ከተማውም ቢያንስ በወረቀት ላይ አንዳች አልጎደለበትም። እንዲህ ከሆነ በ2003 የአካባቢ መስተዳድሮች እንዲያ የተቆጡት ስለምንድን ነው? ደግሞስ ገንዘቡ የሚውለው ለመንገድ ካልሆነ «የእኛ ነው» የሚሉት በምን መሠረት ነው?

ምላሽ (የሒሳብ ሰው)

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብጀምር ይሻላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በስሙ የተነሣ ብዙ ሰው የመንገድ ክፍያ ይመስለዋል እንጂ፣ ይህ ክፍያ በ1935 የተደነገገው ቀድሞ የአካባቢ መስተዳድሮች በመኪና ላይ ይጥሉት የነበረውን የንብረት ግብር ለመተካት ነው። እያንዳንዱ ካውንቲ መኪናን በየራሱ እየገመተ ግብር ከሚሰበስብ፣ ግዛቱ በአንድ መጣኔ ሰብስቦ ገንዘቡን ለባለቤቶቹ ቢያከፋፍል ይቀላል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ከተሞቹ «የእኛ ነው» ሲሉ ሥልጣናቸውን ለአመቺነት ሲባል ለግዛቱ ያስረከቡበትን ያን ስምምነት ማስታወሳቸው ነው። ገንዘቡም ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ መከላከያ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ከ1991 ወዲህ ደግሞ ከፊሉ በካውንቲዎች በኩል ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት ይውል ነበር።

በ1986 የግዛቱ መራጮች ፕሮፖዚሽን 47 የተባለውን ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበ ሐሳብ አጽድቀው የክፍያው ገቢ ለከተሞችና ለካውንቲዎች እንዲሰጥ በሕገ መንግሥት ደረጃ አስረውታል። ሆኖም የታሰረው ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ እንጂ የክፍያው መጣኔ አልነበረም። ምክር ቤቱ ገቢውን ለሌላ ጉዳይ ማዋል ተከለከለ፤ መጣኔውን እስከ ፈለገው ድረስ ዝቅ ማድረግ ግን የሚከለክለው አልነበረም። ክፍያው ዜሮ ከሆነ የገቢው ሙሉ ባለቤት መሆን ምን ይጠቅማል ብሎ ማንም አስቀድሞ የጠየቀ አይመስለኝም።

ወደ 2003 እንምጣ። የ1998ቱ ሕግ የጸደቀው የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች ዋጋ ሽቅብ በሚወጣበትና የግዛቱ ካዝና በሞላበት ዘመን ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ግዛቱ ማካካሻውን የሚከፍልበት ገንዘብ ካጣ ቅናሹ እንደሚሻርና ባለመኪናው እንደ ቀድሞው ሙሉውን እንደሚከፍል የሚገልጽ አንቀጽ ነበር። ካዝናው ሲራቆት የገዥው ግሬይ ዴቪስ አስተዳደር በሰኔ 2003 ይህን አንቀጽ ሥራ ላይ አዋለው። ጉዱ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ማካካሻው ወዲያውኑ ሲቆም፣ ከፍ ያለው ክፍያ ግን ሥራ ላይ የዋለው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በመካከል ባሉት ከሦስት በላይ ወራት ልዩነቱን ባለመኪናውም ግዛቱም አልከፈሉትም፤ በዚህ ክፍተት ብቻ መስተዳድሮቹ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀረባቸው። ለዚህ ዕዳ የተሰጣቸው መልስ ከዓመታት በኋላ እንከፍላችኋለን የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳያውቁት አይቀሩም። ዴቪስ በጥቅምት 7 በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን ወረደ። አርኖልድ ሽዋርዜኔገር በኅዳር 17 ቃለ መሐላ በፈጸመበት ዕለት ጭማሪውን በትእዛዝ ሻረው። ባለመኪናዎች ተደሰቱ፤ ነገር ግን በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው ማካካሻ በበጀቱ ውስጥ ስላልነበረ፣ ከተሞቹ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖባቸው ቀረ። ገዥው በታኅሣሥ ወር የምክር ቤቱን ውሳኔ ሳይጠብቅ በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣኑ 2.65 ቢሊዮን ዶላር እንዲለቀቅላቸው ባያደርግ ኖሮ፣ ሠራተኛ መቀነስ የማይቀር ነበር የሚሉ የከተማ አስተዳዳሪዎች ጥቂት አልነበሩም።

እንግዲህ ቁጣው የተነሣው ከገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም። አስቀድሞ በየጊዜው በራሱ ይፈስስ የነበረ ገቢ፣ በየዓመቱ በሌላ አካል በጎ ፈቃድ የሚመደብ ድጎማ ሆነ። የአሥር ዓመት የጡረታ ግዴታ ያለበት ከተማ በእንዲህ ያለ ገቢ ላይ የፖሊስ ቅጥር ሊያቅድ አይችልም።

ምላሽ (ባለመኪናው)

ትንታኔው ትምህርት ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን ከተሞቹ እንደ ንጹሕ ተበዳይ መሣላቸውን አልቀበልም። በዚህ አሠራር የክፍያ ማስታወቂያውን የሚልከው ግዛቱ ነው፣ የባለመኪናውን ምሬት የሚሸከመው ገዥው ነው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ከተማው ነው። ሌላው በሰበሰበው ገንዘብ መሥራት የማይወድ የከተማ ምክር ቤት አባል የለም። ገቢው ይህን ያህል የሚያስፈልጋቸው ከሆነ የራሳቸውን ነዋሪ በግልጽ ጠይቀው ያስወስኑ፤ ነዋሪው አገልግሎቱን ከወደደው ይከፍላል፣ ካልወደደው ደግሞ የሚያዝንለት ሰው መኖር የለበትም።

የቨርጂኒያንም ሁኔታ ተመልከቱ። እዚያ የመኪና ግብር የሚጥሉት ካውንቲዎቹና ከተሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሕዝቡ ምሬትም ከማንም አልተሰወረም። ጂም ጊልሞር በ1997 ለገዥነት ተወዳድሮ ያሸነፈው በአመዛኙ ይህን ግብር አስቀራለሁ ብሎ ነው። ግብሩን የሚጠላው ሕዝብ ተሳስቷል ለማለት ምን መብት አለን? የደሞዝ ግብር በየወሩ ሳይታይ ይቆረጣል፤ የመኪናው ግን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ዋጋው በየዓመቱ በሚያሽቆለቁል ዕቃ ላይ ይመጣል።

ምላሽ (ከመዝገብ ቤት)

ባለመኪናው ያነሧቸው ሁለቱም ነጥቦች ተገቢ ናቸው፤ ግን ማስረጃዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚመሩ ይመስለኛል።

የቨርጂኒያ ዕቅድ ግዛቱ ከእያንዳንዱ የግል መኪና ዋጋ ላይ በመጀመሪያው 20,000 ዶላር የሚጣለውን ግብር ቀስ በቀስ እስከ መቶ በመቶ እንዲሸፍን ነበር። ሽፋኑ 70 በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወጪው ከታሰበው በላይ ሆኖ ነበርና። በ2004 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ግዛቱ ለሁሉም መስተዳድሮች በድምሩ የሚከፍለውን በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ገደበው። ያ ጣሪያ ከዋጋ ንረትም ሆነ ከመኪናው ብዛት ጋር አያድግም። ስለዚህ መኪና በበዛና ዋጋው በጨመረ ቁጥር የግዛቱ ድርሻ እየሳሳ፣ የነዋሪው ድርሻ እየወፈረ ይሄዳል። በ2022 ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ ከመጠን በላይ ባሻቀበ ጊዜ ብዙ ነዋሪ ያው አሮጌ መኪናው ካለፈው ዓመት የበለጠ ሲያስከፍለው አይቶ የተቆጣው በማን ላይ ነው? ማስታወቂያውን በላከለት ካውንቲ ላይ። የግዛቱ ፖለቲከኞች የቅነሳውን ምስጋና ወስደዋል፤ ወቀሳው ለካውንቲው ቀርቷል።

«የራሳቸውን ነዋሪ ይጠይቁ» ለሚለው ደግሞ ከሲያትል የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። የከተማዋ መራጮች በ2014 ለአውቶቡስ አገልግሎት ማስፋፊያ የ60 ዶላር የተሽከርካሪ ክፍያና አነስተኛ የሽያጭ ታክስ በራሳቸው ድምፅ አጽድቀው ነበር። በ2019 ግን የዋሽንግተን ግዛት መራጮች ኢኒሼቲቭ 976 የተባለውን፣ ዓመታዊውን የመኪና ሰሌዳ ክፍያ 30 ዶላር ላይ የሚገድብና ከተሞች በዚህ ዓይነት ክፍያ የመጣል ሥልጣናቸውን የሚነፍግ ውሳኔ በ53 በመቶ ገደማ ድምፅ አሳለፉት። ሲያትል የምትገኝበት ኪንግ ካውንቲ ተቃውሞ የመረጠ ቢሆንም በግዛቱ አብላጫ ተሸነፈ። ነዋሪው ተጠይቆ የፈቀደውን ክፍያ፣ አውቶቡሱን የማይሳፈረው የሩቅ መራጭ ሰረዘበት ማለት ነው።

ሲያትልና ኪንግ ካውንቲ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የክሱ መዝገብ ግን የተጠራው በግዛቱ ምሥራቅ በሚገኘው ትንሽ የገጠር ካውንቲ በጋርፊልድ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ስም ነው፤ ጉዳዩ የትልቅ ከተማ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ይህ ራሱ ይመሰክራል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2020 ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ሽሮታል። የሻረው ግን ሕጉ ከአንድ ጉዳይ በላይ በማካተቱና ለመራጩ የቀረበው ርእስ አሳሳች በመሆኑ ነው። ርእሱ ተስተካክሎ ቢመለስ ከተሞቹን ይጠብቃቸው የነበረ መርሕ በውሳኔው ውስጥ ተቀምጧል ብዬ አላምንም።

ተጨማሪ ጥያቄ (በጀት ተከታታይ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ቁጣው ገብቶኛል፤ መፍትሔው ግን አልታየኝም። ካሊፎርኒያ ዛሬም ክፍያው 0.65 በመቶ ነው፤ ከተሞቹም አልፈረሱም። ታዲያ በምን ተስማሙ?

ምላሽ (የሒሳብ ሰው)

በ2004 የከተሞች፣ የካውንቲዎችና የልዩ አገልግሎት ወረዳዎች ማኅበራት ፊርማ አሰባስበው ገቢያቸውን ከግዛቱ እጅ የሚከላከል ፕሮፖዚሽን 65 የተባለ ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡ። ይህን ዱላ ይዘው ነው ከገዥው ጋር የተደራደሩት። በስምምነቱ መሠረት መጣኔው በቋሚነት 0.65 በመቶ ሆነ፤ ማካካሻውም ከዓመታዊ ድጎማነት ወጥቶ ከንብረት ግብር በሚገኝ ድርሻ ተተካ። በምላሹ መስተዳድሮቹ ለሁለት ዓመታት በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ለግዛቱ ለመተው ተስማሙ፤ የራሳቸውን ሐሳብ ትተው ፕሮፖዚሽን 1ኤ የተባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደገፉ። እርሱም በኅዳር 2004 ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ።

የልውውጡ ብልሃት ያለው በዕድገቱ ላይ ነው። አዲሱ ድርሻ በየከተማው ከሚገኘው የንብረት ግምት ጋር አብሮ እንዲያድግ ተደረገ። መኪና በየዓመቱ ዋጋው የሚወርድ ንብረት ሲሆን፣ የካሊፎርኒያ ቤትና መሬት ግን እንደምታውቁት ነው። ከ2008ቱ የቤት ገበያ ውድቀት በስተቀር በርካታ ከተሞች ከልውውጡ ተጠቃሚ ሆነዋል።

ከዚያ ቀመር ውጭ የቀሩት ከ2004 በኋላ የተመሠረቱ ከተሞች ናቸው፤ ለልውውጡ መነሻ የሚሆን ቀደም ያለ ገቢ አልነበራቸውምና። እነርሱ ይኖሩ የነበረው ከክፍያው በተረፈው ገንዘብ ነበር። በ2011 ግዛቱ ያንንም ወስዶ በአካባቢ ደረጃ ለሚከናወን የሕግ ማስከበር ሥራ አዋለው። በሪቨርሳይድ ካውንቲ የሚገኙት ሜኒፊ፣ ዋይልዶማር፣ ኢስትቬልና ጁሩፓ ቫሊ ክፉኛ ተጎዱ። ጁሩፓ ቫሊ በከተማነት የቆመችው በሐምሌ 1 ቀን 2011 ሲሆን ገቢዋ የተነጠቀው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ከተማነቷ እንዲፈርስ እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር፤ ችግሩ በሕግ የተፈታው በ2017 ነው።

ምላሽ (ባለመኪናው)

ስለ ሲያትል የተነገረውን ተቀብያለሁ፤ ነዋሪ ራሱ የፈቀደውን ክፍያ ሌላው ሊሰርዝበት አይገባም። የጁሩፓ ቫሊ ታሪክ ግን የእኔን ጥርጣሬ አበርትቶታል። በ2004 ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ማኅበራት ለነባር አባሎቻቸው የሚያድግ ገቢ ይዘው ተነሡ፤ ገና ያልተወለዱትን ከተሞች በስማቸው የሚጠይቅላቸው አልነበረም። ስለዚህ «የአካባቢ መስተዳድሮች ተቃወሙ» የሚል ዜና ሳነብ፣ የትኞቹ ናቸው የተደራደሩት ብዬ መጠየቄን አልተውም።