የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በለንደን፦ ርችት ከየት ይገዛል፣ እስከ ስንት ሰዓትስ ይተኮሳል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ለንደን የምንኖር ሦስት ቤተሰቦች የእንቁጣጣሽን ዋዜማ በእኛ ጓሮ ችቦ ለኩሰን፣ ለልጆቹም ርችት ተኩሰን ለማክበር አስበናል። በየሱፐርማርኬቱ ብዞርም ርችት አላገኘሁም፤ አንዱ ሻጭማ «ኦክቶበር ላይ ተመለሺ» ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1
እኅታችን፣ ሻጩ አልዋሸዎትም። በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የርችት ደንብ መሠረት ተራ መደብሮች ለሕዝብ መሸጥ የሚችሉት ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 10፣ ከዲሴምበር 26 እስከ 31፣ እንዲሁም የሂንዱዎች የብርሃን በዓል የሆነው ዲዋሊና የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲቃረቡ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የእኛ ሴፕቴምበር 11 የለበትም። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ለመሸጥ ልዩ ፈቃድ ያወጡ መደብሮች ስላሉ ከእነሱ ይግዙ፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ስለማይሸጥ ልጆቹን አይላኩ።

መልስ 2
ሰዓቱን በተመለከተ፣ በሀበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት መተኮስ ክልክል ነው። ኖቬምበር 5 እስከ እኩለ ሌሊት፣ በፈረንጆቹ፣ በዲዋሊና በቻይናውያን አዲስ ዓመት ደግሞ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ለእንቁጣጣሽ ግን የተለየ ነገር የለም። ቅር አይበልዎት፣ የእኛ ችቦ የሚለኮሰው ሲመሽ እንጂ እኩለ ሌሊት ተጠብቆ አይደለም። በዚያ ሰሞን ፀሐይ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትጠልቅ፣ 2 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ ልጆቹ ሳያንቀላፉ ያልቃል። ደንቡን የጣሰ ሰው በቦታው 90 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ እስከ 6 ወር እስራት ያስከትላል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጓሯችን ርዝመቱ 12 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ደጃፋችን ካለው መንገድ ላይ ብንተኩስስ?

መልስ 3
መንገድ ላይ መተኮስ ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ ይተዉት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ርቀት ያንብቡ፤ 25 ሜትር የሚል ከሆነ ለእናንተ አይሆንም፣ 8 ሜትር የሚለውን ግን ከአጥሩ ሥር ተክላችሁ ልጆቹን ቤቱ በር ላይ ብታቆሙ ይበቃችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ችቦው ነው፤ ፍንጣሪው ሩቅ ስለሚሄድ፣ የርችቱን ካርቶን ከድናችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጡና አንድ በአንድ አውጡ። ልጆች በእጃቸው የሚይዙት የሚፈነጥቀው ዘንግም ከጠፋ በኋላ ሽቦው እንደጋለ ስለሚቆይ፣ ውኃ የሞላ ባልዲ አጠገባችሁ ይኑርና ወዲያው ይነከር።

ጠያቂ
ባልዲውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ፈቃድ ያለውን መደብር ነገ እፈልጋለሁ።